በቱሉ ዲምቱ አምፕሊፋየር ስመርጥ

ዕቁቤ ወጣልኝ፣ በጥቅምት መባቻ፤
አሥራ ስምንት ሺህ ብር፣ ያለኝ እሱ ብቻ።
እልፍነሽ «ሶፋ» አለች፤ ልጄ «ስልክ» አለ፤
እኔን ግን ጆሮዬን የራበው ነገር አለ።

ቴሌቪዥኑ ሰፊ፣ ድምፁ ግን ኮሳሳ፤
ወባ ትንኝ ይሆናል አንበሳው ሲያገሳ።
ቪዲዮ ቤት ሲዘጋ በርካሽ የገዛኋቸው
አምስት ስፒከሮች አልጋ ሥር አሉ፣ ድምፅ የነፈግኋቸው።

ቱሉ ዲምቱ ወረድሁ፣ ከአደባባዩ ወዲያ፣
ኮንቴይነር በኮንቴይነር ወደሆነው ገበያ።
«ሪሲቨር አለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት፤
የዲሽ ሣጥን ሰጠኝ፤ ሣቅሁና መለስሁት።
«እኔ የምሻው ግን አምስቱን ስፒከር
አስተባብሮ ይዞ በልክ የሚያናግር።»

«እሱማ!» አለና፣ መጋረጃ ገልጦ
አወጣልኝ አንዱን፣ በመብራት ተጊጦ፤
ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ ይላል፣
ሙዚቃ ሳይከፈት ለብቻው ይጨፍራል።
«ሁለት ሺህ ዋት» ይላል፣ ፊቱ ላይ በደማቁ፤
ባነሣው ቀለለኝ፤ ታዲያ የት አለ ሐቁ?

ስታኞ እያቀለጠ ከጥግ የነበረ
ጋሽ ድንበሩ ቀና ብሎ ተናገረ፦
«ዋቱ ወረቀት ነው፤ ወረቀት አይጮህም፤
ትራንስፎርመሩ ካነሰ ደረት አይኖረውም።
ና፣ ያንን አንሣልኝ።
በሁለት እጅህ ግን።»

ጥቁር፣ አቧራ የጠጣ፣ ጥጉ የተጫረ፣
መዞሪያው የላላ፣ ማሳያው የታወረ፤
ብድግ ሳደርገው ወገቤን አስታወሰኝ፣
እንደ ሩብ ኩንታል ጤፍ ቁልቁል ነው የሳበኝ።
«አሥራ አንድ ሺህ ነው፤ ግን ልንገርህ እውነት፣
የኋላ ቀኙ መስመር ሞቷል፤ ሞላው ዓመት።»

«ምን ይጫወትልህ?» ሲለኝ ዘፈን አልመረጥሁም፤
ከስልኬ ያለውን ለሰው ከፍቼ አላውቅም።
ሦስት ደቂቃ ዝናብ ነው።
የድሮው ሰፈራችን ሊፈርስ በዋዜማው፣
ቆርቆሮው ሲደበደብ እልፍነሽ የቀዳችው።
ዛሬማ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ዘንቦ ማባራቱን የምናውቀው መሬቱን ስናይ።

ባለ መብራቱ ሲሞከር ዝናቡ ዘይት ሆነ፣
መጥበሻ ላይ ያለ፤ ተንጣጣ፣ ተነነ፤
ባሱ ግድግዳ መታ፣ ኮንቴይነሩ ነዘረ፣
ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት ጠብታ አልነበረ።

አሮጌው እስኪሞቅ ጊዜ ፈጀ። ዝም አለ።
ከዚያ
ጠብ።
ጠብ፣ ጠብ።
ከግራ አሸንዳው፣ ከመሃል የበርሜሉ አፍ፣
ከቀኝ የተቀደደው ሸራ፣ ውሃው ሲያርፍ፣ ሲያልፍ፤
ደግሞ ከሩቅ፣ ከአጥር ወዲያ፣ እትዬ ሸጊቱ፦
«ልብስ አንሱ! ዘነበ! ኧረ ልብስ አንሱ!»

ልጁ እንኳ መብራቱን አጥፍቶ አዘነበለ ጆሮ፤
ለካ ሁሉም ሰው አለው አንድ ቆርቆሮ።

አሥር አልሁት፣ እንቢ አለ፤ ተስማማን በአሥር ተኩል፤
ባጃጁ አዘነበለ እሱ በተቀመጠበት በኩል።
አራት ፎቅ ተሸክሜ፣ ሦስቴ አርፌ ወጣሁ፤
እልፍነሽ «አሮጌ!» አለች፤ መልስ ሳልሰጥ ሰካሁ።
አራቱ ስፒከር ተነሣ፤ አንዱ አልጋ ሥር ቀረ፣
የሞተው መስመር ድርሻ፣ እንደተቀበረ።

ስድስት ሰዓት ነበር። ፀሐይ አናት ይበሳል።
ድምፁን ከፍ አደረግሁት።
ጠብ ሲል እልፍነሽ ጭልፋዋን ይዛ ቀረች፤
«ይሄ እኮ...» አለችና ጨርሳ አልተናገረች።
«ልብስ አንሱ!» አለች እትዬ ሸጊቱ፣ በግራው ስፒከር በኩል፣
ሰፈሯ ከፈረሰ ከሦስት ዓመት ተኩል።

ከታች፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ የነጠላ ጫማ ሩጫ፣
ባልዲ ሲንከባለል፣ የልጅ ጫጫታ፣ መንጫጫ፤
በመስኮት ብቅ ብንል፣ ያቺ ሰላም ብላን የማታውቅ ጎረቤት፣ በረንዳዋ ላይ፣
እቅፏ ሙሉ ልብስ፣ አንጋጣ ወደ ሰማይ፣
ግራ ገብቷት ቆማለች፣
አንድ ደመና እንኳ ሳታይ።